የተነሣው እግር፦ ከፓቲ ወጥ ቤት እስከ ቺዳምባራም

ፓቲ የመጀመሪያውን ስንኝ ያስጠኑኝ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ተቀምጠው ኮኮናት እየፈቀፈቁ ነበር። ፓቲ በታሚል ቋንቋ አያት ማለት ነው። በደቡብ ሕንዷ ከተማ በቼናይ ለትምህርት በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት የተከራየኋት ክፍል እሳቸው ቤት ስለነበረች፣ የልጅ ልጆቻቸው እንደሚጠሯቸው እኔም ፓቲ እላቸው ነበር። እሳቸውም «ካንኑ» ይሉኛል፤ ዓይን ማለት ነው፣ የእኛ እናቶች «ዓይኔ» እንደሚሉት። እሳቸው አማርኛ አይሰሙ፣ እኔ ታሚል አልሰማ፤ ለሌላው ጉዳይ ሁሉ የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ እያስተረጎመችልን እንግባባ ነበር። መዝሙሩን ግን የተቀበልሁት ያለ አስተርጓሚ ነው። አንድ ሐረግ ይላሉ፣ እኔ እደግማለሁ፤ ስሳሳት እጃቸውን ከመፈቅፈቂያው ላይ አንሥተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ምላሳቸው ወደ ላንቃቸው እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳዩኛል። ሲሰምርልኝ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ፤ ይህ በእኛ ዘንድ እንቢታ ይመስላል፣ በእነሱ ዘንድ ግን «አዎ፣ እንደሱ ነው» ማለት ነው። ትርጉሙን የነገሩኝ ቃሉን በቃሌ ከያዝሁ በኋላ ነው። የቆሎ ተማሪ ትርጓሜውን ሳያውቅ ዳዊት እንደሚደግም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስላደግሁ፣ ሥርዓቱ እንግዳ አልሆነብኝም።

ስንኙ ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የደረሰው አፓር የተባለ ሰው ሲሆን፣ የተደረሰውም በደቡብ ሕንድ፣ በዛሬዋ የታሚል ናዱ ግዛት፣ በቺዳምባራም ከተማ ለሚገኘው የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው። በሌሎች ቤተ መቅደሶች ሺቫ በአብዛኛው የሚመለከው ሊንጋ በተባለ የድንጋይ ዓምድ ምልክት ነው፤ በቺዳምባራም ግን ሲጨፍር ይታያል፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሌላውን አንሥቶ። ናታራጃ ይሉታል፣ የጭፈራ ንጉሥ። የአፓርን ስንኝ በአቅሜ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ የጎበጠውም ቅንድብ፣ እንደ ኮቫይ ፍሬ በቀላው ከንፈር ላይ የፈነጠቀውም ፈገግታ፣ እርጥበት ያልተለየውም የተገመደ ጠጉር፣ ቀይ ዛጎል በመሰለው ገላ ላይ የተነሰነሰውም ወተት የሚመስል አመድ፣ ጣፋጩም የተነሣው የወርቅ እግር ለመታየት ከበቃ፣ በዚህ ሰፊ ምድር ላይ ሰው ሆኖ መወለድም የሚመኙት ነው።

«ም»ን እንዲህ የደጋገምሁት ለማሳመር ብዬ አይደለም። ታሚሎች በቃል መጨረሻ ላይ «ኡም» የሚሉት ቅጥያ አላቸው፤ ሥራው ከእኛ «ም» ጋር አንድ ነው። «ይህም፣ ያም» ብሎ ለመደርደር ያገለግላል፤ «ይህ እንኳ» ለማለትም ያገለግላል። አፓር በዚያች ቅጥያ አምስት ነገሮችን ከቅንድብ እስከ እግር ከደረደረ በኋላ፣ በመጨረሻው ላይ ያችኑ ቅጥያ በሌላ ፊቷ ያመጣታል፦ መወለድም፣ መወለድ እንኳ። ወደ ብዙ ቋንቋዎች ሲተረጎም ይህ መዞሪያ በረዥም ማብራሪያ ካልሆነ አይያዝም፤ አማርኛ ግን በአንዲት ፊደል ይይዘዋል። ኮቫይ የተባለው ደግሞ ሐረግ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። በወለጋ ሥሩ ተቀቅሎ የሚበላው አንጮቴ ከእርሱ ጋር የአንድ ወገን ተክል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ካወቅሁም ወዲህ ያ ከንፈር ይበልጥ ቀርቦ ይታየኛል።

የመጨረሻው ሐረግ ክብደት የሚገባው ግን ከየት እንደወጣ ሲታወቅ ነው። በሂንዱ እምነት ነፍስ ደጋግማ ትወለዳለች፤ መወለድ እስራት ነው፣ የምእመኑም ትልቁ ተስፋ ከዚህ ዑደት ወጥቶ ዳግመኛ አለመወለድ ነው። አፓር ራሱ በሌሎች ብዙ መዝሙሮቹ ከመወለድ እንዲፈታ ይለምናል። እዚህ ላይ ግን የዚያን የተነሣ እግር ውበት ካየ በኋላ ልመናውን ገለበጠው። የሚያይ ዓይን ካለኝ፣ ዓይንም የሚገኘው በሥጋ ከሆነ፣ ሥጋ ይሁንልኝ አለ። እኔ ያደግሁት በሌላ እምነት ነው፤ ወደ ቺዳምባራምም የሄድሁት ለማምለክ አልነበረም። ሆኖም ሰው ስለ ፈጣሪው ሲዘምር ከሰማኋቸው ቃላት መካከል፣ ይህችን ምድር እንዲህ አክብሮ ያስቀመጠ ጥቂት ነው።

አፓር ይህን ያለው ኑሮ ተመችቶት አልነበረም። በትውፊቱ እንደሚነገረው ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ እኅቱ ቲላካቫቲ አሳድጋዋለች። ካደገ በኋላ ጃይን ወደሚባለው ሌላ የሕንድ እምነት ገብቶ መነኩሴና መምህር ሆነ፤ ከዚያም ሆዱን ክፉ ቁርጠት ያዘው። ፈዋሽ አጥቶ ወደ እኅቱ ተመለሰ፤ እሷም ቲሩቫዲካይ ወደሚባለው የሺቫ ቤተ መቅደስ ወሰደችው፤ በዚያም የመጀመሪያውን መዝሙር ዘመረ። የመጀመሪያው መዝሙሩ ስለ ሆድ ሕመም ነው፤ አንጀቱ እንዴት እንደሚጠማዘዝ በግልጽ ይናገራል። ከዚያ በኋላ አገሩን ይገዛ የነበረው የፓላቫ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ እምነቱን በመለወጡ አሠቃየው፤ ከድንጋይ ጋር ታስሮ ወደ ባሕር ሲጣል እየዘመረ ድንጋዩ እንደ ታንኳ ተንሳፈፈለት ይባላል። በቤተ መቅደስ ሐውልቶች ላይ አፓርን ከሌሎቹ ቅዱሳን የምትለዩት በእጁ በያዘው ነገር ነው፦ ትንሽ የአረም መኮትኮቻ። ከመንደር መንደር እየዞረ፣ በየቤተ መቅደሱ ግቢ በድንጋዩ ስንጥቅ የበቀለውን ሣር ይነቅል ነበር። ባለ መኮትኮቻው ቅዱስ ለእኔ ከተንሳፈፈው ድንጋይ ይልቅ ይበልጥብኛል።

በ7ኛው መቶ ዓመት ከአፓር ጋር የኖረው ሌላው መዝሙረኛ ሳምባንዳር ሕፃን ነበር። ከቺዳምባራም ብዙ በማይርቀው በሲርካሊ፣ አባቱ በቤተ መቅደሱ ኩሬ ውስጥ ሲታጠብ የሦስት ዓመቱ ልጅ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ፤ የሺቫ ባለቤት የሆነችው አምላክ መጥታ ወተት አጠጣችው ይላል ትውፊቱ። አባቱ ከውኃው ሲወጣ በልጁ ከንፈር ላይ ወተት አይቶ በትር አነሣና ማን እንደሰጠው ጠየቀው፤ ልጁም ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ በአንድ ጆሮው ጉትቻ ያደረገው ልቤን የሰረቀው ሌባ ነው ብሎ ዘመረ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳምባንዳር ሽማግሌውን «አፓር» ብሎ ጠራው፣ አባቴ ማለት ነው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አንድ ቀን ሳምባንዳር በቃሬዛ ተሸክመውት ሲጓዝ «አባቴ የት ነው?» ቢል፣ ከሥር «እዚህ ነኝ፣ አንተን ተሸክሜ» የሚል ድምፅ መጣለት። ልጁ የካህናት ወገን፣ ሽማግሌው የገበሬ ወገን ነበሩ፤ ልጁ ግን ደንግጦ ከቃሬዛው ወርዶ እግሩ ሥር ወደቀ። ፓቲ ይህን ታሪክ ሲነግሩኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ድምፃቸው ይሰበራል።

ሦስተኛው፣ በ8ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሱንዳራር ነው፤ አምላኩን እንደ ባልንጀራው እየተጣላ፣ እየወቀሰ፣ ገንዘብም እየጠየቀ የዘመረ። የሦስቱ መዝሙሮች በአንድነት ቴቫራም ይባላሉ፤ እስከ ዛሬ የደረሱት ወደ 800 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አሥር ወይም አሥራ አንድ ያህል አንጓ አላቸው። እያንዳንዱ መዝሙር አገር አለው፤ ከ270 በላይ ቤተ መቅደሶች በስም ተጠርተው ተዘምሮላቸዋል። አብዛኞቹ በካቬሪ ወንዝ ዳርና አካባቢ ያሉ ናቸው። መዝሙሮቹም ስለ አምላክ ብቻ አይናገሩም፦ በሩዝ ማሳው ውስጥ ዓሣ ይዘላል፣ በማንጎው ላይ ዝንጀሮ ይንጠለጠላል፣ ንብ በአበባ ውስጥ ይዘምራል። የመዝሙሩን ስም ሲሰሙ ፓቲ የመንደሩን ውኃ ጣዕም ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ሳምባንዳር በአብዛኞቹ መዝሙሮቹ አሥረኛውን አንጓ ጃይኖችንና ቡድሂስቶችን ለመንቀፍ አውሎታል፤ በማዱራይ ከተማ በክርክር የተሸነፉ 8,000 ጃይኖች በእንጨት ላይ ተሰቀሉ የሚል ትውፊትም አለ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደተፈጸመ ነገር ለመቀበል ይቸገራሉ። የሆነ ሆኖ ትውፊቱ በኩራት ሲነገር መኖሩ ያሳዝነኛል። የሕፃኑ ወተትና ይህ ንቀት ከአንድ አፍ ወጥተዋል፤ መዝሙሩን የሚወድ ሰው ሁለቱንም ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቺዳምባራም የሄድነው ማርጋሊ በሚባለው ወር ነው። ማርጋሊ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ የሚውል፣ እንደ እኛ ጾም ወራት ሌሊቱ ለጸሎት የተለየ ወር ነው፤ ዓመታትንና ወራትን በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያ ወር ፓቲ ገና ሳይነጋ ተነሥተው የበራቸውን ደጃፍ በውኃ ያጥቡና፣ ጎንበስ ብለው በሩዝ ዱቄት በጣቶቻቸው መካከል እያንቆረቆሩ ኮላም የሚባለውን ሐረግ የመሰለ ሥዕል ይሥላሉ። እስከ ረፋድ ጉንዳኖች ዱቄቱን ይወስዱታል፤ በማግስቱ ደግሞ ይሥላሉ። ከቼናይ ኤግሞር ጣቢያ ወደ ደቡብ በባቡር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ ከጣቢያው በባጃጅ ደረስን።

ቤተ መቅደሱ ከ15 ሔክታር በላይ ይሸፍናል። በአራቱ ማዕዘናት ጎፑራም የሚባሉ ባለ ሰባት ደርብ የበር ግንቦች አሉት። በእነዚህ በሮች መተላለፊያ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ 108ቱ የጭፈራ አቋቋሞች በድንጋይ ተቀርጸዋል፤ የሕንድ ክላሲካል ውዝዋዜ ተማሪዎች ዛሬም እዚያ ቆመው አቋቋሙን በገላቸው ሲሞክሩ ይታያሉ። የቦታው ጥንታዊ ስም ቲላይ ነው፤ ከባሕሩ ዳር በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል የዛፍ ስም ነው፤ ዛፉ ዛሬ በግቢው ውስጥ የለም፣ በአቅራቢያው በፒቻቫራም ረግረግ ግን ይገኛል። ጫማችንን በበሩ ትተን ገባን። በታኅሣሥ ንጋት የድንጋዩ ወለል ውስጥ እግርን ይቆረጥማል፤ የካፉርና የጃስሚን ሽታ፣ የተቃጠለ ቅቤ ሽታ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የደወል ድምፅ። ወደ ውስጠኛው መድረክ የሚወጡ ወንዶች ከወገብ በላይ ልብሳቸውን ያወልቃሉ። ቤተ መቅደሱን የሚያገለግሉት ዲክሺታሮች የሚባሉ ካህናት ናቸው፤ ጠጉራቸውን ወደ ፊት በስተጎን ቋጥረው ይታያሉ፣ አገልግሎቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። በጥንት 3,000 ነበሩ፤ አንድ ቀን ሲቆጠሩ 2,999 ሆነው ደነገጡ፤ ሦስት ሺኛው እኔ ነኝ የሚል የሺቫ ድምፅ ሰሙ ይላል ትውፊቱ።

የመቅደሱ ጣሪያ ወርቅ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የቾላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቀዳማዊ ፓራንታካ በወርቅ እንዳለበሰው በጽሑፍ ተመዝግቧል። የቤተ መቅደሱ ሰዎች የወርቅ ንጣፎቹ 21,600 ናቸው ይላሉ፤ ሰው በአንድ ቀንና ሌሊት የሚተነፍሰው ትንፋሽ ቁጥር ነው። በደቂቃ 15 ብለን ብንቆጥር በትክክል ያን ያህል ይመጣል። በደቡብ ሕንድ ለአምስቱ ባሕርያት የተለዩ አምስት የሺቫ ቤተ መቅደሶች አሉ፤ የአራቱ የመሬት፣ የውኃ፣ የእሳትና የነፋስ ነው፤ የቺዳምባራም ድርሻ ሰማይ ነው፣ ሕዋው፣ ክፍቱ ቦታ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በመጋረጃው ፊት ነው። ከሚጨፍረው ምስል በስተጎን መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ወደ ውጭ ጥቁር፣ ወደ ውስጥ ቀይ ነው። ሰዉ ተጨናንቆ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ካህኑ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ መብራቱን ከፍ ያደርጋል፤ የሚታየው ግድግዳና በላዩ የተንጠለጠለ የወርቅ ቅጠል ጉንጉን ብቻ ነው። ምስል የለም፣ ሊንጋም የለም። የቺዳምባራም ምሥጢር የሚሉት ይህ ነው። መጋረጃ በተዘረጋበት ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ በመሆኔ፣ ልቤ ከኋላው አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ ያ ባዶ ቦታ ሲገለጥ ዙሪያዬ የቆሙት ሰዎች እንዳየ ሰው እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጋጠሙ፣ አንዲት ሴትም እንባዋ ወረደ። ፓቲ ግን መጋረጃው ሲገለጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ከብዙ ድምፅ መካከል የአፓርን ስንኝ ሰማሁት፤ «መወለድም» የሚለው ላይ ደረሱ፣ ከዚያም መዝጊያውን አሉ፦ «ቲሩቺትራምባላም»።

ቲሩቺትራምባላም «ቅዱሱ ትንሽ አዳራሽ» ማለት ነው፣ ያ የወርቅ ጣሪያ ያለው መቅደስ። የሺቫ ምእመናን ቴቫራምን በየትም ቦታ ሲዘምሩ፣ በማዱራይም ይሁን በጃፍና፣ በሲንጋፖርም ይሁን በኳላ ላምፑር፣ በዚህ ቃል ይከፍታሉ፣ በዚህ ቃል ይዘጋሉ። «ቤተ መቅደስ» ብቻ ብለው ስም ሳይጨምሩ ሲናገሩም ቺዳምባራም ማለታቸው ነው። መዝሙሩ ስለ ሌላ መንደር ቢሆንም፣ መግቢያና መውጫ በሩ አንድ ነው።

መዝሙሮቹም ከመጥፋት የዳኑት በዚሁ ግቢ ነው ይባላል። በትውፊቱ መሠረት፣ ከሦስቱ ቅዱሳን በኋላ ሁለት መቶ ዓመታት ያህል አልፈው፣ የቾላው ንጉሥ ራጃራጃ የመዝሙሮቹን ቁራጭ ሰምቶ ሙሉውን መፈለግ ጀመረ፤ ናምቢ አንዳር ናምቢ የተባለ ሊቅም በቺዳምባራም በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ነገረው። ካህናቱ ግን ክፍሉ የሚከፈተው ሦስቱ መዝሙረኞች ራሳቸው ከመጡ ነው አሉ። ንጉሡም የሦስቱን ሐውልት በክብር አጅቦ አመጣና እነሆ መጥተዋል አለ። በሩ ሲከፈት የዘንባባ ቅጠል ጽሑፎቹን ምስጥ ወሯቸዋል፤ የኩይሳ አፈር ተከምሮባቸዋል። አፈሩን በዘይት አጥበው ያገኙት ከጠቅላላው ጥቂቱን ነበር። ዜማውም ጠፍቶ ስለነበር፣ ከሳምባንዳር ጋር በገና ይደረድር ከነበረው ሰው ዘር የተወለደች አንዲት ሴት ተፈልጋ ዜማውን መለሰችው። ይህ ሁሉ ቃል በቃል የሆነ ነው ማለት አይቻልም፤ ከራጃራጃ በፊት በተቀረጹ የድንጋይ ጽሑፎችም የመዝሙረኞች ስንቅ ተመዝግቧልና መዝሙሩ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ትውፊቱ ግን አንድ ነገር በትክክል ያውቃል፦ ቅጠሉን ምስጥ ሲበላው ዜማው የተገኘው በአንዲት ሴት አፍ ውስጥ ነው።

የተረጋገጠውን ለሚፈልግ ደግሞ ድንጋዩ አለ። ራጃራጃ በ1010 ባስመረቀው በታንጃቩር ታላቅ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ እነዚህን መዝሙሮች በየዕለቱ እንዲዘምሩ 50 ሰዎች መሾሙ ተጽፏል፤ 48ቱ ዘማሪዎች፣ ሁለቱ ከበሮ መቺዎች። የእያንዳንዳቸው የእህል ቀለብ ሳይቀር ተመድቧል። የዛሬዎቹ ዘማሪዎች ኦዱቫር ይባላሉ፤ የሚያነበንብ፣ የሚደግም ማለት ነው። የቴቫራም ዜማዎች ፓን ይባላሉ፤ የቀን፣ የሌሊትና የማንኛውም ሰዓት ተብለው ይከፈላሉ። የያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በየወቅቱና በየሥርዓቱ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ክፍፍል ለመረዳት አይከብድም፤ ያሬድም በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረ በመሆኑ፣ በባሕሩ ግራና ቀኝ ያሉ ሕዝቦች በተቀራረበ ዘመን ጸሎታቸውን በዜማ ሥርዓት አስረዋል። አንዱ ከሌላው ወሰደ እያልሁ አይደለም። ዛሬ በብዙ ትናንሽ ቤተ መቅደሶች ኦዱቫር የለም፤ ደመወዙ አነስተኛ ነው፣ ሥልጠናው ረዥም ነው፣ ወጣቶችም ሌላ ሥራ ይመርጣሉ።

ፓቲ በቺዳምባራም በስተ ደቡብ ካለው በር ገብተው ከመቅደሱ ፊት ሳይደርሱ የሚያስታውሱት ሰው ናንዳናር ነው። ናንዳናር በአዳኑር መንደር የኖረ፣ «የማይነካ» ከሚባለው ወገን የተወለደ ሰው ነበር፤ ሥራው ለቤተ መቅደስ ከበሮዎች ቆዳ፣ ለበገናዎችም ጅማት ማቅረብ ነበር። ቺዳምባራምን ለማየት ይናፍቃል፤ ግን መግባት አይፈቀድለትምና «ነገ እሄዳለሁ» እያለ ይኖራል፤ ስለዚህም «ነገ ሂያጁ» ተባለ። በመጨረሻ ሄዶ ከተማውን በውጭ ሲዞር ሰነበተ፤ በሕልምም በእሳት ውስጥ አልፈህ ግባ ተባለ። አለፈ፤ ከእሳቱ የወጣው የካህን መልክ ይዞ ነው፤ ወደ ናታራጃ ፊት ገባና ከዓይን ተሰወረ። በ12ኛው መቶ ዓመት ሴኪላር የ63ቱን ቅዱሳን ገድል ሲጽፍ ይህን በታላቅ ፍቅር ጽፎታል፤ ሥራውንም በዚሁ ቤተ መቅደስ ባለ ሺህ ዓምዱ አዳራሽ ውስጥ እንዳሰማ ይነገራል። እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር እሳቱ ላይ እቆማለሁ። ከበሮው ገብቷል፤ የከበሮው ቆዳ በየዕለቱ በመቅደሱ ፊት ይመታል፤ ቆዳውን የፋቀው እጅ ግን ለመግባት መቃጠል አለበት። በአገራችንም ፋቂ ተብሎ የተናቀ ሰው ያለሰለሰው ቆዳ በማኅሌቱ ከበሮ ላይ ተወጥሮ ኖሯልና፣ ይህን የምናገረው የሌላውን ጉድፍ እንደሚያይ ሰው አይደለም። የዛሬዋን ታሚል ናዱ ያጠቃልል በነበረው በማድራስ ግዛት የቤተ መቅደስ በሮች ለሁሉም በሕግ የተከፈቱት በ1947 ነው።

የመዝሙሩም ጉዳይ በዚህ ግቢ አላለቀም። የመቅደሱ ዋና ሥርዓት የሚፈጸመው በሳንስክሪት ነው፤ ከመቅደሱ ፊት ካለው መድረክ ላይ ቆሞ ቴቫራምን በታሚል መዘመር የሚችለው ማነው የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። በ2008 የታሚል ናዱ መንግሥት ምእመናን በመድረኩ ላይ እንዲዘምሩ የሚፈቅድ ትእዛዝ አወጣ፤ አንድ አረጋዊ ኦዱቫርም በፖሊስ ታጅበው፣ በግፊያና በጩኸት መካከል ዘመሩ። በ2014 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቤተ መቅደሱን አስተዳደር በተመለከተ ለዲክሺታሮቹ ፈረደላቸው። በ2022 መንግሥት ምእመናን በመድረኩ ላይ መዘመር እንደሚችሉ ዳግመኛ አዘዘ። የካህናቱን ሐሳብም ሰምቻለሁ፤ እኛ ራሳችን ቴቫራምን እንዘምራለን፣ የምንጠብቀው ሥርዓተ ቦታውን ነው ይላሉ። አንድን ጥንታዊ አገልግሎት ከአባቱ ተረክቦ ለልጁ የሚያስረክብ ሰው የሚሰማውን ስጋት አልንቅም። ሆኖም አፓር በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ሣር የነቀለው ማንንም ቦታ ጠይቆ አልነበረም። ስሙ የመዝሙሩ ሁሉ መክፈቻና መዝጊያ በሆነ አዳራሽ ፊት፣ መዝሙሩን ለመዘመር የመንግሥት ትእዛዝና የፖሊስ አጀብ ማስፈለጉ ልክ ነው ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልሁም።

ያን ዕለት ማታ፣ ሕዝቡ ሲቀልል፣ ሲቫጋንጋ በሚባለው ሰፊ ኩሬ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። የሰሜኑ ጎፑራም ጥላ በውኃው ላይ ተጋድሟል። ፓቲ ጉልበታቸውን እያሹ፣ እስኪ በይው አሉኝ። እኔም ከቅንድቡ ጀመርሁ። ከንፈሩን፣ ጠጉሩን፣ አመዱን አልፌ እግሩ ላይ ስደርስ ቃሉን ሳትሁት። አላቋረጡኝም፤ ከእኔ ጋር በቀስታ ያዙት፣ ከአጠገባችን ልጇን በእቅፏ ያስተኛች አንዲት የማናውቃት ሴትም ዞር ሳትል ከእኛ ጋር ያዘችው። «በዚህ ሰፊ ምድር ላይ» የሚለውን ሦስታችን አብረን ጨረስን። ፓቲ «ቲሩቺትራምባላም» አሉና፣ ትከሻዬን ተደግፈው እየተነሡ ጫማችንን በየትኛው በር እንደተውን ጠየቁኝ።